ከሰማዕ መዝገብ እስከ ጉባኤ መርሐ ግብር፦ የሴት ሊቃውንት ስም የሚጻፍበትና የሚሰወርበት ምክንያት

መግቢያ

የኢትዮጵያ ሙስሊም ልጅ ከቁርኣን ቤት ጀምሮ ከሚሰማቸው ታሪኮች አንዱ የሶሐቦች ወደ ሐበሻ መሰደድና የነጃሺ ፍትሕ ነው። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ በንጉሡ ፊት ቆመው የተናገሩት፣ የመርየም ምዕራፍ ሲነበብ ነጃሺ ማልቀሳቸው፣ የቁረይሽ መልእክተኞች ስጦታቸው ተመልሶላቸው መሄዳቸው በመንዙማውም በደዕዋውም ሲነገር ኖሯል። ይህን ታሪክ በዝርዝር ያቆየልን ማን እንደሆነ ግን እምብዛም አይጠየቅም። ኢብን ኢስሓቅ ዘገባውን ከዙህሪ፣ ዙህሪ ከአቡ በክር ኢብን ዐብዱረሕማን፣ እሳቸውም ከእናታችን ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ተቀብለውታል። ኡሙ ሰለማ ከስደተኞቹ አንዷ ነበሩ። ስለ አገራችን የተነገረው ይህ ታላቅ ዘገባ የደረሰን እንግዲህ በሴት አንደበት ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። የሴት ሊቃውንት ስም በአንዱ ዘመን በዝቶ፣ በሌላው ዘመን ሳስቶ የሚገኘው የዕውቀታቸው መጠን ከፍና ዝቅ ስላለ አይደለም፤ ዕውቀት የሚቀርብበት መድረክና ስም የሚጻፍበት መዝገብ ደንባቸው ስለተለዋወጠ ነው። ይህን በሐዲስ ታሪክ ካየን በኋላ፣ በሴቶችና በሥርዓተ ፆታ ጥናት መስክ ዛሬ ያሉትን ጉባኤዎችና ጆርናሎች በዚያው ሚዛን እንመዝናለን፤ በመጨረሻም ወደ አገራችን መዝገብ እንመለሳለን።

«ሥርዓተ ፆታ» የሚለው ስያሜ ከአንባቢዎቻችን አንዳንዶቹን እንደሚያሠጋ እናውቃለን። በመስኩ ውስጥ የሚነሡ ንድፈ ሐሳቦችን ሁሉ መቀበል የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። ማን አስተማረች፣ ከማን ሰማች፣ ማን ከእሷ ዘገበ የሚለው ጥያቄ ግን ከውጭ የመጣ አይደለም። በ230 ዓ.ሂ. (845 እ.ኤ.አ.) ያረፉት ኢብን ሰዕድ የ«ጦበቃት» መጽሐፋቸውን የመጨረሻ ክፍል ለሴቶች ሲሰጡ ይኸንኑ ጥያቄ እየመለሱ ነበር።

የመርከቧ ሰዎች

አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ) ከሐበሻ የተመለሱት በ7 ዓ.ሂ. (628 እ.ኤ.አ.)፣ በኸይበር ጊዜ ነው። ዑመር (ረ.ዐ) «በስደት ቀድመናችኋል፤ ለመልእክተኛው የምንቀርበው እኛ ነን» የሚል ሐሳብ ሲሰነዝሩ አስማእ ዝም አላሉም። ነገሩን ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አቀረቡ፤ የመርከቧ ሰዎች ባለ ሁለት ስደት መሆናቸውን የሚያበሥር መልስም ተቀበሉ። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት በዚህ ሐዲስ መጨረሻ ላይ የታሪክ ተመራማሪ ሊያልፈው የማይገባ ነገር አለ። አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪና ሌሎቹ የመርከቧ ባልደረቦች በቡድን በቡድን እየሆኑ ወደ አስማእ ይመጡና ስለ ሐዲሱ ይጠይቋቸው ነበር፤ አቡ ሙሳም ደጋግመው ያስነግሯቸው ነበር። ተናጋሪ፣ አድማጭ፣ ጥያቄና በድግግሞሽ ማረጋገጥ ያሉበት መሰባሰብ የዕውቀት ጉባኤ ነው፤ የጉባኤው ምሁርም አስማእ ናቸው።

ከዚያው ስደት ልጆች አንዷ፣ በሐበሻ ምድር የተወለዱት ኡሙ ኻሊድ ቢንት ኻሊድ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሕፃንነታቸው ልብስ አልብሰዋቸው በሐበሻ ቋንቋ «ሰናህ»፣ ማለትም ያማረ፣ እንዳሏቸው ዘግበዋል። ቃሉ ከግእዙ «ሠናይ» ጋር ያለው ቅርበት ለአማርኛ አንባቢ ግልጽ ነው። አንዲት ሕፃን የሰማችው አንድ ቃል በቡኻሪ ስብስብ ውስጥ የቆየው የሰማችውን በስሟ የሚመዘግብ ሥርዓት ስለነበረ ነው።

ደጁ ሲጠብና ሲሰፋ

የመጀመሪያው መቶ ዓመት ደጅ ሰፊ ነበር። ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) 2,210 ሐዲሶች መዘገባቸው ይታወቃል። ዓኢሻ ዘጋቢ ብቻ ሳይሆኑ የሌሎችን ዘገባ የሚመረምሩና የሚያርሙም ነበሩ። በ794 ዓ.ሂ. (1392 እ.ኤ.አ.) ያረፉት ዘርከሺ እነዚህን እርማቶች ሰብስበው «አል-ኢጃባ» የተሰኘውን ራሱን የቻለ መጽሐፍ አዘጋጅተዋል። በዓኢሻ እጅ ያደጉት ዐምራ ቢንት ዐብዱረሕማን ደግሞ በመዲና ከታመኑት ሊቃውንት ይቆጠሩ ስለነበር፣ ዑመር ኢብን ዐብዱልዐዚዝ ሐዲስ እንዲጻፍ ባዘዙ ጊዜ የዐምራ ዕውቀትም እንዳይጠፋ በስም ጠቅሰው አዝዘዋል።

ከሁለተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ግን የሴት ዘጋቢዎች ቁጥር አሽቆለቆለ። አስማ ሰዒድ በ2013 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ሐዲስ በዚህ ጊዜ ወደ ሙያነት ተለወጠ። አንድ ሐዲስ ፍለጋ ከከተማ ከተማ የሚደረገው ረጅም ጉዞ፣ ሪሕላ፣ የሊቅነት መለኪያ ሆነ። ከማያውቋቸው መምህራን ፊት ለፊት መቀመጥና ለዓመታት ከቤት መራቅ ግዴታ ሲሆን፣ ያለ መሕረም መጓዝ የማይፈቀድላቸውና የቤት ኃላፊነት የተጫነባቸው ሴቶች ከመዝገቡ ወጡ። «ሴቶች አይዘግቡም» የሚል ድንጋጌ አልወጣም፤ የመግቢያው ደንብ ብቻ ተለወጠ።

ከአራተኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወዲህ ሁኔታው እንደገና ተገለበጠ። ታላላቆቹ የሐዲስ ስብስቦች ተቀባይነታቸው ጸና፤ በጽሑፍ ማስተላለፍና በኢጃዛ መቀበል ተፈቀደ፤ አጭር ሰነድ የሚፈለግ ክብር ሆነ። አጭር ሰነድ የሚገኘው ደግሞ በሕፃንነቱ ከሽማግሌ መምህር ሰምቶ ዕድሜው ከረዘመ ሰው ነው። የሊቃውንት ቤተሰቦች ወንድና ሴት ልጆቻቸውን ወደ ንባብ ጉባኤ ይዘው መሄድ፣ በሩቅ ካሉ መምህራንም ኢጃዛ በደብዳቤ ማስላክ ጀመሩ። እነዚያ ሴት ልጆች አርጅተው በዘመናቸው እጅግ የሚፈለጉ መምህራት ሆኑ።

ከሪማ አል-መርወዚያ በ463 ዓ.ሂ. ገደማ መካ ውስጥ እስካረፉ ድረስ ሶሒሕ አል-ቡኻሪን ያስተምሩ ነበር፤ የባግዳዱ አል-ኸጢብም በሐጅ ወቅት መጽሐፉን በ5 ቀናት እንዳነበቡላቸው ይነገራል። ሹህዳ አል-ካቲባ በባግዳድ በዘገባቸውም በእጅ ጽሕፈታቸውም ታዋቂ ነበሩ። ኢብን ዐሳኪር ከተማሩባቸው መካከል ከ80 የሚበልጡ ሴቶች ይገኛሉ። በ740 ዓ.ሂ. (1339 እ.ኤ.አ.) ደማስቆ ላይ ያረፉት ዘይነብ ቢንት አል-ከማል በኢጃዛ በብቸኝነት የያዟቸው የሐዲስ ጥራዞች የአንድ ግመል ጭነት እንደሚያህሉ ዘሀቢ ተናግረዋል፤ ኢብን በጡጣም በ726 ዓ.ሂ. (1326 እ.ኤ.አ.) በደማስቆ ሲያልፉ ኢጃዛ ከሰጧቸው መካከል እሳቸው ነበሩ። በፊቅሁም የፋጢማ አል-ሰመርቀንዲያ ታሪክ አለ፤ ከቤታቸው የሚወጣ ፈትዋ በአባታቸው፣ በባለቤታቸው በካሳኒና በእሳቸው ፊርማ ይወጣ እንደነበር ተጽፏል።

በዚህ ላይ ሚዛን መጠበቅ ተገቢ ነው። ከእነዚህ ሴቶች ብዙዎቹ ዘጋቢዎች እንጂ ፈቂሆች ወይም ቃዲዎች አልነበሩም፤ አብዛኞቹም ከሊቃውንት ቤት የተወለዱ ነበሩ። የድሃ ገበሬ ልጅ ስሟ በመዝገቡ ላይ አይገኝም። ታሪካችንን ከልክ በላይ ማስጌጥ ታሪኩን አይጠቅምም። የሚያስተምረን እውነታ በቂ ነው፦ የሴቶቹ ችሎታ በሁለተኛውም በሰባተኛውም መቶ ዓመት ያው ነበር፤ የተለወጠው ደጁ ነው።

የመዝገቡ አሠራር

የጥንቱ ጉባኤ እንዴት ይመዘገብ እንደነበር ማወቅ ለዛሬው ትምህርት ይሆናል። አንድ መጽሐፍ በመምህሩ ወይም በመምህርቷ ፊት ከተነበበ በኋላ በመጽሐፉ ላይ «ሰማዕ» የሚባል የመስማት ምስክር ይጻፋል። በእሱም ላይ የመምህሩ ስም፣ የአንባቢው ስም፣ የተሰብሳቢዎቹ ስም፣ ቦታውና ቀኑ ይሰፍራሉ። አርፍዶ የመጣ፣ መሐል ላይ ያንቀላፋ ወይም የተወሰነ ክፍል ያመለጠው ካለ ያም ይጠቀሳል። ሕፃናት ከነዕድሜያቸው፣ ሴቶች ከእነማን ጋር እንደመጡ ይመዘገባሉ። ከደማስቆ የተረፉት እንዲህ ያሉ ምስክሮች ታትመው ለተመራማሪዎች በመድረሳቸው፣ ዛሬ አንዲት ሴት በየትኛው ቀን፣ በየትኛው መስጊድ፣ ምን እንዳስተማረች ለማወቅ ይቻላል።

የመዝገቡ ክብር የሚጸናው በጥብቅነቱ ነው። አቡል ገናኢም የተባሉት ሊቅ ከከሪማ ፊት ተቀምጠው ከቡኻሪ ሰባት ቅጠል ያህል ገልብጠው ነበር፤ ግልባጩን ከዋናው ጋር ለብቻቸው ሊያመሳክሩ ሲሉ ከሪማ አልፈቀዱም፤ አብረው ካላመሳከሩ በቀር እንደማይሆን ነገሯቸው። ዛሬ የአቻ ምሁራን ግምገማ የምንለው ሥራ ከዚህ በምን ይለያል? ዘሀቢም በ«ሚዛን አል-ኢዕቲዳል» ከሴት ዘጋቢዎች መካከል በውሸት የተከሰሰች ወይም ዘገባዋ የተተወባት እንደማያውቁ ጽፈዋል። ይህ የአክብሮት ቃል ብቻ አይደለም፤ ወንዱን በሚመዝን ሚዛን ተመዝኖ የተሰጠ ውጤት ነው።

መዝገቡ በዘጠነኛው መቶ ዓመት ሂጅሪ ከፍ ካለ ደረጃ ደርሶ ነበር። በ902 ዓ.ሂ. (1497 እ.ኤ.አ.) ያረፉት ሰኻዊ የዘመናቸውን ሰዎች የመዘገቡበትን ባለ 12 ጥራዝ መጽሐፍ የመጨረሻ ጥራዝ ለ1,075 ሴቶች ሰጥተዋል፤ ከእነዚህም ከ400 በላይ የሚሆኑት ሃይማኖታዊ ትምህርት የቀሰሙ መሆናቸው ከጽሑፉ ይታያል። ከዚያ በኋላ በኦቶማን ዘመን የታሪክ መዝገቦች የሴቶችን ስም እየተዉ መጡ። ሴቶች ግን መማራቸውን አላቆሙም።

የዘመናችን መድረኮች

በምዕራቡ ዓለም የሴቶች ታሪክ ራሱን የቻለ መስክ የሆነው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። የበርክሻየር የሴቶች ታሪክ ጉባኤ በ1973፣ በቺካጎ የሚታተመው «ሳይንስ» የተሰኘው ጆርናል (ትርጉሙ «ምልክቶች») በ1975 ተጀመሩ። በዚያው በ1975 የተባበሩት መንግሥታት የመጀመሪያው የሴቶች ጉባኤ በሜክሲኮ ሲቲ ተካሄደ፤ ሦስተኛው በ1985 በናይሮቢ ሆነ። አፍሪካውያን ሴት ተመራማሪዎችም ስለ እነርሱ ሌሎች ብቻ እንዳይጽፉ በ1977 የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ፤ መቀመጫውንም ዳካር አደረጉ።

የሙስሊም ሴቶች ታሪክ በእነዚህ መድረኮች ላይ ለረጅም ጊዜ የዳር ርእስ ነበር። ካይሮ ውስጥ «ሴትና ትውስታ» የተሰኘው መድረክ በ1995 የተመሠረተው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። በ2003 «ሐዋ» የተባለው ጆርናል በላይደን መታተም ጀመረ፤ በዚያው ዓመት በሱዓድ ጆሴፍ አዘጋጅነት የሴቶችና የእስልምና ባህሎች ኢንሳይክሎፒዲያ የመጀመሪያ ጥራዝ ወጣ፤ በ2005 ደግሞ የመካከለኛው ምሥራቅ ሴቶች ጥናት ጆርናል ተከተለ። ከመድረሳ ወገንም ሙሐመድ አክረም ነድዊ የሴት ሐዲስ ሊቃውንትን ስም ለዓመታት ሰብስበው በ2021 በ43 ጥራዞች በዐረብኛ አሳትመዋል። ይህ ብቻውን ምንጩ እንዳልደረቀ ያሳያል።

ሆኖም የዛሬው መድረክ ሪሕላን በአዲስ መልክ መልሶ አምጥቶታል። የጥናት ጥሪው በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ ይወጣል፤ አጠቃሎው በዚያው ቋንቋ ይጻፋል፤ ተቀባይነት ያገኘችው ተመራማሪ ቪዛ፣ የአውሮፕላን ትኬትና የምዝገባ ክፍያ ይጠብቋታል። ሕፃን የምታጠባ ወይም አረጋዊ የምትጦር እናት ይህን ሁሉ አሟልታ ስትገኝ ጥቂት ጊዜ ነው። ስለ ሙስሊም ሴቶች በሚደረግ ጉባኤ ላይ የጥናቱ ባለቤቶች የሆኑት ሴቶች የሚጎድሉት ስለዚህ ነው።

በኅትመቱም በኩል ፈተና አለ። በደንበኝነት ክፍያ የሚተዳደሩ ጆርናሎች አብዛኛውን ጊዜ ከጸሐፊው ገንዘብ አይጠይቁም፤ ጽሑፉን ለሁሉም ክፍት የሚያደርጉት ግን ብዙዎቹ ከጸሐፊው ያስከፍላሉ። በእነዚህ መካከል ገንዘብ ተቀብለው ያለ ምንም ግምገማ የሚያትሙ ተሰግስገዋል። ለማዕረግ ዕድገት የተቻኮሉ ወጣት ተመራማሪዎች በእነዚህ እጅ ሲወድቁ ዓመታት የለፉበት ጥናት የሚያፍሩበት ሆኖ ይቀራል። መፍትሔው በእጃችን ነው፤ የጀርሕና ተዕዲል ትምህርታችን ዘጋቢውን ማንነቱን፣ ከማን መስማቱንና ማን እንደመሰከረለት ሳንጠይቅ እንዳንቀበል አስተምሮናል። ጆርናሉንም እንዲሁ ልንጠይቀው ይገባል፦ አዘጋጆቹ በስማቸው የሚታወቁ ምሁራን ናቸውን? ገምጋሚዎቹ ምን ያህል ጊዜ ይወስዳሉ? ቀድሞ ያተማቸውን ሊቃውንት ይጠቅሷቸዋልን? በሳምንት ውስጥ «ተቀብለናል፣ ክፈሉ» የሚል መልስ የሚልክ ጆርናል ሰነዱ የተቆረጠ ዘጋቢ ነው።

የእኛ አገር መዝገብ

ወደ አገራችን ስንመለስ መዝገቡ ምን እንደቆጠረ እናያለን። ኤንሪኮ ቼሩሊ በ1941 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የሸዋ ሱልጣኔት ዜና መዋዕል በ455 ዓ.ሂ. (1063 እ.ኤ.አ.) ያረፉትን ንግሥት ባዲት ቢንት ማያን ይጠቅሳል። ዐረብ ፈቂህ በ«ፉቱሕ አል-ሐበሻ» የኢማም ማሕፉዝን ልጅ፣ የኢማም አሕመድን ባለቤት ባቲ ድል ወንበራን ያነሣሉ። ሁለቱም የመንግሥትና የጦርነት መዝገቦች በመሆናቸው ንግሥቲቱንና የኢማሙን ባለቤት ጠበቁልን። በየቤቱ ጥግ ቁርኣን ያቀሩ የነበሩትን ሴቶች ግን የመቁጠር ዓላማ አልነበራቸውም።

የወሎን የዒልም ማእከላት ታሪክ ሑሴን አሕመድ በ2001 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ በሰፊው አስተዋውቀውናል። የዳናና የጌታ ሼኾች ስም፣ የመምህርና የደረሳ ሰንሰለታቸው በመናቂብ ጽሑፎችና በቃል ትውፊት ቆይቷል። በዚያ ሰንሰለት ውስጥ ሴቶች በአመዛኙ የሚታዩት የሼኽ እናት፣ የሼኽ ባለቤት ሆነው ነው። በአርሲ ፈረቀሳ ስማቸው የገነነው ሲቲ ሞሚናም፣ ስለ ዚያራው ያለው የሊቃውንት ክርክር እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ታሪካቸው በብዛት የተሰበሰበው ከተከታዮች አንደበት ነው።

ምንጭ የለም ማለት ግን አይቻልም። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የዐረብኛና የዐጀም ጽሑፎች ዝርዝር በ2014 እ.ኤ.አ. ታትሟል። የሐረር መጻሕፍትና የቃዲ መዛግብትም አሉ። በእነዚህ ኪታቦች ጠርዝ ላይ የሚገኙትን የባለቤትነት፣ የወቅፍና የግልባጭ ማስታወሻዎች የሴት ስም እየፈለገ ያነበበ ግን ከስንት አንድ ነው። ከዚህም በላይ የሚያሳስበን በሕይወት ያሉት ምንጮች ናቸው። በየገጠሩ ሴት ልጆችን ያቀሩ፣ መንዙማ በቃላቸው የያዙ፣ የፊቅህ ጥያቄ ለጎረቤቶቻቸው የመለሱ አሮጊቶች አሉ። ከእነዚህ አንዷ ባረፉ ቁጥር ያልተጻፈ ሰማዕ አብሮ ይቀበራል።

ይህ ሩቅ ሥጋት አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለግምገማ ከደረሱን ጽሑፎች አንዱ በሴቶች የቃል ትውፊት ላይ የተዘጋጀ፣ የተሟላ ማስረጃ ያለው ጥናት ነበር። ቃለ መጠይቁን ሁሉ ያደረገችው፣ በእግሯ ተጉዛ ድምፁን የቀዳችውና ወደ ጽሑፍ የመለሰችው መድረሳም ዩኒቨርሲቲም የተማረች ወጣት መሆኗን ከምስጋናው ገጽ አንድ መስመር ተረዳን። ጥናቱ የቀረበው በሌላ ሰው ስም ነበር፤ የመረጃ ሰጪዎቹ እናቶች ስምም «አንዲት አሮጊት» በሚል ተተክቷል። ይህ አሠራር በዩኒቨርሲቲ ቋንቋ ምን እንደሚባል አንባቢ ያውቃል። በሐዲስ ሊቃውንት ቋንቋ ግን ስሙ ተድሊስ ነው፤ የሰሙትን ከማን እንደሰሙ መሸፈን ማለት ነው። ሹዕባን የመሰሉ ኢማሞች ተድሊስን እጅግ ያወገዙት ሰነዱ ላይ የተሸፈነ አንድ ስም ዒልሙን ሁሉ ስለሚያናጋ ነው። የሴት ስም ሲሸፈን ፍርዱ የሚቀልበት ምክንያት አይታየንም።

ማጠቃለያ

ከላይ ያየነው ታሪክ የሚያዘን ተግባር ቀላልና በአቅማችን ያለ ነው። በአገራችን የሚታተሙ ጥናቶች ሁሉ፣ ይህም ዓመታዊ ኅትመት ጭምር፣ መረጃውን ማን እንደሰበሰበና ከማን እንደተሰማ በስም ይግለጹ፤ ፈቃድ የሰጡ እናቶች ስማቸው፣ አገራቸውና የመምህሮቻቸው ሰንሰለት ይጻፍ። የጥናት ጥሪዎቻችን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በዐረብኛም ይውጡ። መገኘት ያልቻለች ተመራማሪ ጽሑፏ በጉባኤው ፊት በስሟ እንዲነበብ ይፈቀድ፤ ከደማስቆ ወደ ሩቅ አገር ኢጃዛ በደብዳቤ የላኩ አበውና እመው የከፈቱት በር ይህ ነበርና። ሴት ተመራማሪዎች በሴቶች ርእስ ላይ ብቻ እንዲጽፉ አይወሰኑ፤ የዓኢሻ እርማቶች በሴቶች ጉዳይ ብቻ የተወሰኑ አልነበሩም። ግምገማው ደግሞ ለማንም የማይላላ ይሁን፤ የከሪማ ተማሪ ወንድ መሆኑ ከማመሳከር አላዳነውም፤ የዛሬዋ ጸሐፊም ሴት መሆኗ ከማመሳከር አያድናትም፣ አይከለክላትምም።

የነጃሺን ታሪክ ለልጆቻችን ስንነግር «ኡሙ ሰለማ እንደዘገቡት» ብለን እንጀምር። ሰነዱን የሚያውቅ ልጅ አድጎ የጉባኤ መርሐ ግብር ሲያዘጋጅ የማን ስም እንደጎደለ ማየት አይቸግረውም።

ወላሁ አዕለም።